ዕድሜያቸው ለገፋ ተወዳዳሪ ዋናተኞች የትንፋሽ ቁጥጥር ልምምድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወርልድ አኳቲክስ (በዓለም የዋና ፌዴሬሽን) ደንብ የማስተርስ ዋና፣ ማለትም የአዋቂዎች ውድድር፣ ከ25 ዓመት ይጀምራል፤ ተወዳዳሪዎችም በየ5 ዓመቱ በዕድሜ ይከፈላሉ። ይህ ገጽ 50ን አልፈው ዛሬም ሰዓት እየተያዘላቸው ለሚወዳደሩ ዋናተኞች ነው። ሌላ ነገር ካልተጠቀሰ በቀር የምናወራው ስለ ፍሪስታይል (በደረት ተኝቶ እጅ እያፈራረቁ መዋኘት) እና ስለ 25 ሜትር ገንዳ ነው። «አንድ ቀዘፋ» ስንል አንድ እጅ አንድ ጊዜ ውሃ ሲገባ ማለታችን ነው።

የትንፋሽ ቁጥጥር ማለት ትንፋሽን ረጅም ጊዜ መያዝ ነው?

አይደለም። ብዙ ጥፋት የሚመጣውም ከዚህ አረዳድ ነው። ለተወዳዳሪ ዋናተኛ ቁጥጥሩ ፊቱ ውሃ ውስጥ ሳለ አየሩን ሳያቋርጥ ማስወጣት፣ አፉ ብቅ ባለባት ቅጽበት በቂ አየር መሳብ፣ የመተንፈስ ፍላጎት ሲመጣበትም ቀዘፋው ሳይበላሽ ጥቂት መታገስ ነው።

ለግራ መጋባቱ ስሙም አስተዋጽኦ አድርጓል። የኦሎምፒኩን ዋናተኛ ማርክ ስፒትዝን ያሠለጠነው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ጄምስ ካውንስልማን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ትንፋሽ እያሳነሱ መዋኘትን «የኦክስጅን እጥረት ልምምድ» በሚል ስም አስፋፋው። የታሰበው ከፍታ ቦታ ላይ እንደመለማመድ እንዲሆን ነበር። በኋላ ሲለካ ግን በዚህ ዓይነት ልምምድ የደም ኦክስጅን እምብዛም አይቀንስም፤ የሚጨምረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ቀይ የደም ሴል ያበዛልኛል ብለው አይጠብቁ። የሚያገኙት ጥቅም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም የሚመጣውን ጭንቀት ተረጋግተው ማሳለፍ መቻልና በእያንዳንዱ ትንፋሽ ብዙ አየር የማስገባት ልማድ ነው። ካውንስልማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1979 በ58 ዓመቱ የእንግሊዝን ቻናል ሲሻገር እስከዚያ ዕለት ከተሻገሩት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ነበር። ያን ያህል ርቀት የሚዋኘው በሥርዓት እየተነፈሱ እንጂ ትንፋሽ እየያዙ አይደለም።

50 ሜትር ሳልጨርስ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። ሳንባዬ አርጅቶ ነው?

በከፊል አዎ። ከዕድሜ ጋር የጎድን አጥንቶች መጋጠሚያ ይደርቃል፣ ደረት እንደ ወጣትነቱ አይለጠጥም፣ ተንፍሰን ከጨረስን በኋላ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር እየበዛ ይሄዳል። በዚህ ላይ ውሃው ራሱ ደረትን ይጫናል። እስከ አንገት ውሃ ውስጥ ሲገቡ ከእግርና ከሆድ ወደ 700 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ደም ወደ ደረት ይሸሻል፤ ለአየር የሚተርፈውን ቦታም ያጠብባል። የብስ ላይ ቀላል የነበረው ትንፋሽ ገንዳ ውስጥ ሥራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይሁንና በ50 ሜትር የሚያደክመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ አይደለም። ዋናተኛው ውሃ ውስጥ ትንፋሹን ይይዝና ፊቱን ባዞረባት ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ማውጣትንም መሳብንም ለመጨረስ ይሞክራል። ለሁለቱ የሚበቃ ጊዜ ስለሌለ አሮጌው አየር ሳይወጣ ትንሽ አዲስ አየር ከላዩ ይደረብበታል። አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ደረት እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሰውየው «አየር አነሰኝ» ይላል፤ ያስቸገረው ግን ያልወጣው ነው። ይህ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ይታረማል።

ውሃ ውስጥ ትንፋሽ በትክክል የሚወጣው እንዴት ነው?

ከገንዳው ጠርዝ ይጀምሩ። ውሃው ደረትዎ ላይ በሚደርስበት ቦታ ጠርዙን ይዘው ፊትዎን እስከ ግንባርዎ ያስገቡና አፍ ዘግተው «እምምም» ይበሉ። ድምፁ እስካለ ድረስ አየር በአፍንጫ እየወጣ ነው፤ ድምፁ ከተቋረጠ ትንፋሽ ይዘዋል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ መቆጣጠሪያ የለም፤ ምንም መሣሪያም አይጠይቅም። 4 ሰከንድ እያወጡ፣ ፊትዎን ወደ ጎን አዙረው በአፍ አንዴ እየሳቡ 10 ጊዜ ይደጋግሙ። ከዚያ ያንኑ እያደረጉ በዝግታ 6 ጊዜ 25 ሜትር ይዋኙ፤ በየመሐሉ 20 ሰከንድ ይረፉ።

አወጣጡ ደረጃ አለው። ፊት ውሃ እንደገባ አየሩ በአፍንጫ በቀጭኑ ይጀምራል፣ እጅ ውሃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ይጨምራል፣ አፍ ሊወጣ ሲል የቀረው በአፍና በአፍንጫ ባንዴ «ፑፍ» ብሎ ይወጣል። ይህች የመጨረሻዋ ግፊት አፍ ዙሪያ ያለውን ውሃ ስለምታባርር ውሃ ትን እንዳይልዎ ትረዳለች። በተቃራኒው መጀመሪያ ላይ ሁሉንም አየር የሚለቁም አሉ፤ እነሱ ደግሞ ዳሌያቸው ይሰምጣል፣ ትንፋሹም ሳይደርስ ያስጨንቃቸዋል።

ሲስቡ ራስ አይነሳም፤ ይዞራል። ትክክል ከሆነ አንዱ የመነጽር መስታወት ውሃ ውስጥ ነው፣ ሌላው ውጭ፤ የታችኛው ጆሮ ውሃ ውስጥ እንደሰመጠ ነው፣ የአፍዎ አንዱ ጥግ ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ወደ ፊት የሚሄድ ራስ ውሃውን ስለሚገፋ ከጉንጭ አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ ትፈጠራለች፤ አፍ የሚከፈተው እዚያ ውስጥ ነው። ራስዎን ካነሱ ጉድጓዷ ትጠፋለች፣ እግር ይወርዳል፣ የሚቀጥለው ትንፋሽም ይከብዳል።

አንገቴ እንደ ድሮው አይዞርም። ምን ላድርግ?

ሥራውን ከአንገት ወደ ትከሻና ዳሌ ያሸጋግሩት። መላ ሰውነት ወደ ጎን ከተንከባለለ አንገት የሚጨምረው ጥቂት ብቻ ነው። ለልምምድ በጎንዎ ተኝተው፣ የታችኛውን እጅ ወደ ፊት ዘርግተው፣ 6 ጊዜ እግርዎን መትተው አንድ ጊዜ ወደ ሌላው ጎን ይገልበጡ፤ 4 ጊዜ 25 ሜትር ይበቃል። አጭር ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ መቅዘፊያ) ማድረግ ነውር የለውም። ሕመም ካለ ለተወሰኑ ሳምንታት በፊት ለፊት ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) ይዋኙ፤ ነገር ግን ስኖርክል ውድድር ላይ እንደማይፈቀድ፣ ለረጅም ጊዜ ከለመዱት ደግሞ የመዞሩ ጊዜ እንደሚጠፋብዎ አይርሱ።

ውድድር ላይ በየስንት ቀዘፋ ልተንፍስ?

በ50 ሜትር እንደየአቅም በየ4 ወይም በየ6 ቀዘፋ፤ በ100 የመጀመሪያውን 50 በየ4 ጀምሮ ሁለተኛውን በየ2 መጨረስ፤ ከ200 ጀምሮ ገና ከመጀመሪያው በየ2። ወጣቶች 50ውን ያለ ትንፋሽ ወይም በአንድ ትንፋሽ ሲጨርሱ አይተው አይቅኑ። እነሱ በ22 እና በ25 ሰከንድ ይጨርሱታል፤ እርስዎ 40 ሰከንድ ከፈጀብዎት የአንዱ ትንፋሽ ዋጋ ለሁለታችሁ እኩል አይደለም።

ብዙ የማስተርስ ዋናተኞች 200 ሜትርን የሚያበላሹት በመጀመሪያዎቹ 50 ሜትሮች ነው። ጉልበት ሲኖር በየ4 መተንፈስ ቀላል ይመስላል፤ የተጠራቀመው የትንፋሽ ዕዳ ግን ከ120 ሜትር በኋላ ይከፈላል፣ ያኔ ቶሎ ቶሎ ቢተነፍሱም አይመለስም። በሁለቱም ጎን በየ3 መተንፈስ ለልምምድ ጥሩ ነው፣ ሰውነትን ሚዛን ላይ ያቆያል፤ በውድድር ግን ግዴታ አይደለም። በጀርባ ዋና አንዱ እጅ ሲነሳ ይሳቡ፣ ሌላው ሲነሳ ያውጡ። በቢራቢሮ ርቀቱ ከ50 ሜትር በላይ ከሆነ በየቀዘፋው መተንፈስ አያሳፍርም።

በየ3፣ በየ5፣ በየ7 የሚባለው ልምምድ ለኛ ዕድሜ ይሆናል? እንዴትስ ይሠራል?

ይሆናል፤ 7ቱን ግን እንተወው። በየ3 እና በየ5 የሚያስፈልገውን ሁሉ ይሰጣል። በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ፣ ሰውነት ከሞቀ በኋላና ገና ሳይዝል ይሠራል። ከፈጣን ዋና በኋላ መጨረሻ ላይ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ የደከመ ሰው ቀዘፋው ስለሚበላሽ የሚለማመደው የተበላሸውን ነው።

አንድ ሙሉ ልምምድ እንዲህ ይሄዳል። 300 ሜትር በዝግታ፣ «እምምም»ን እያሰቡ። ከዚያ 6 ጊዜ 50፤ የመጀመሪያው 25 በየ3፣ ሁለተኛው በየ2፣ ዕረፍት 20 ሰከንድ። ቀጥሎ ፑል ቦይ (እግርን የሚያንሳፍፍ መደገፊያ) ጭን መሐል ይዘው 4 ጊዜ 100፤ 25ቱን በየ3፣ 25ቱን በየ5፣ እንደገና በየ3፣ የመጨረሻውን በየ2፣ ዕረፍት 40 ሰከንድ። ፑል ቦዩ የሚያስፈልገው ትልልቆቹ የጭን ጡንቻዎች ኦክስጅን እንዳይሻሙ ነው። ከዚያ 6 ጊዜ 25 በውድድር ፍጥነት፣ ለውድድር ባሰቡት አተነፋፈስ፣ ዕረፍት 45 ሰከንድ። በ200 ሜትር ቀላል ዋና ይዝጉት። በጠቅላላው 1,350 ሜትር ነው።

ዕረፍቱ በሰዓት ቢጻፍም ዳኛው ትንፋሽ ነው። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካልቻሉ አይነሱ። በየ5 ጀምረው ካልቻሉ በየ3 ይተንፍሱ፤ ሽንፈት አይደለም። በ25 ሜትር የቀዘፋዎ ቁጥር ከወትሮው በ2 ከጨመረ፣ ወይም ከልምምዱ በኋላ ግንባርና ማጅራት የሚይዝ ራስ ምታት ከመጣ አብዝተውታል፤ ራስ ምታቱ ብዙ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የራስ ደም ሥሮችን ከማስፋቱ የሚመጣ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በየ5 የሚለውን ክፍል በግማሽ ይቀንሱ።

ከመነሻና ከግድግዳ በኋላ ውሃ ሥር ምን ያህል ልሂድ?

ደንቡ በፍሪስታይል፣ በጀርባና በቢራቢሮ ራስ እስከ 15 ሜትር ድረስ ብቅ ማለት አለበት ይላል። ገደቡ የመጣው ከእ.ኤ.አ. 1988 የሴኡል ኦሎምፒክ በኋላ ነው፤ እዚያ ዴቪድ በርኮፍ በጀርባ ዋና 35 ሜትር ያህል በውሃ ሥር ሄዶ ነበር። ፌዴሬሽኑ መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 15 ሜትር አደረገው።

15 ሜትር ግን ጣሪያ እንጂ ግብ አይደለም። ለአብዛኛው የ60 ዓመት ዋናተኛ ከግድግዳ የተገፋው ፍጥነት ከ5 እስከ 7 ሜትር ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ሥር መቆየት ትንፋሽ ከፍሎ ፍጥነት መግዣ ሳይሆን መሸጫ ነው። የራስዎን ለማወቅ አንድ ሰው ሰዓት ይያዝልዎ፦ በ2፣ በ4 እና በ6 የዶልፊን ምት (ሁለቱን እግር ገጥሞ እንደ ዓሣ ጅራት መምታት) ግድግዳውን ገፍተው እስከ 15 ሜትር ምልክት ይዋኙ፣ እያንዳንዱን 3 ጊዜ። በጣም ፈጣኑ የእርስዎ ቁጥር ነው። በቁጥሮቹ መሐል ልዩነት ከሌለ ትንሹን ይምረጡ።

ሲታጠፉ ከመገልበጥዎ በፊት ጀምረው በአፍንጫ ትንሽ አየር ይልቀቁ፤ አለዚያ ውሃ ወደ ላይ ገብቶ ግንባር ያቃጥላል። ወደ ግድግዳ ሲደርሱ በመጨረሻው ቀዘፋ፣ ብቅ ሲሉም በመጀመሪያው ቀዘፋ አለመተንፈስ ጥሩ ነው፤ በ200 ሜትር ከ100 በኋላ ግን ይህን ሁለተኛውን ትተው ወዲያው ይተንፍሱ። ከመነሻ ሰሌዳ ዘሎ መግባት ካዞረዎት፣ የማስተርስ ደንብ ውሃ ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ገፍቶ መነሳትን ይፈቅዳል።

ገንዳ ውስጥ ብቻዬን ትንፋሽ ይዤ ብለማመድስ? ከመጥለቄ በፊት ደጋግሜ በጥልቀት ብተነፍስስ?

ሁለቱንም አያድርጉ። ይህን ገጽ ያነበበ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

«ተንፍስ» የሚለውን ደወል በዋናነት የሚደውለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር እንጂ የኦክስጅን ማለቅ አይደለም። ደጋግመው በፍጥነትና በጥልቀት ሲተነፍሱ በደም ላይ የሚጨምሩት ኦክስጅን ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ደሙ ቀድሞም ሞልቶታል። የሚያደርጉት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማባረር፣ ማለትም ደወሉን ማጥፋት ነው። ከዚያ ውሃ ሥር ሲዋኙ ጡንቻ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ደወሉ ሳይደወል ሰው ራሱን ይስታል። ሰውየው አይታገልም፣ አይጮህም፣ አይንፈራገጥም። ከላይ ለሚያይ ሰው ተረጋግቶ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ የተወሰኑ የአየር አረፋዎች ይወጣሉ፣ እጁ ይላላል፣ ይሰምጣል። ጎበዝ ዋናተኛ መሆን ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ደወሉን መታገስ የለመደው ሰው ነው ይበልጥ የሚጋለጠው።

ለእኛ ዕድሜ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ከዕድሜ ጋር ሰውነት ለኦክስጅን ማነስም ሆነ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። ደወሉ በራሱ ቀስ ብሎ የሚደውል ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ «ገና አላስጨነቀኝም» የሚለው ስሜት እንደ 25 ዓመትዎ አስተማማኝ መለኪያ አይደለም።

የምንሠራበት ደንብ አጭር ነው፦ ውሃ ሥር ከ15 ሜትር በላይ የለም፣ ውሃ ሥር ሄዶ ወዲያው መድገም የለም፣ «ማን ብዙ ይቆያል» የሚል ውርርድ የለም፣ ከመግባት በፊት ሁለት ተራ ትንፋሽ ብቻ። እርስዎን ብቻ የሚያይ ሰው ጠርዝ ላይ ይቁም፤ ስልኩን የሚነካካ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። ሰው ራሱን ከሳተ ወዲያው አውጡት፣ እርዳታ ጥሩ፣ ካልተነፈሰ የማዳን ትንፋሽ (አፍ ለአፍ) ስጡት። የሰመጠ ሰው የሚያስፈልገው በመጀመሪያ አየር ነው፦ በአሜሪካ መመሪያ 2፣ በአውሮፓ 5 ትንፋሽ፣ ከዚያ 30 የደረት ግፊትና 2 ትንፋሽ እያፈራረቁ መቀጠል።

የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የአስም መድኃኒት እወስዳለሁ። ልለማመድ?

አወጣጡንና አዟዟሩን አዎ፤ በየ5 የሚባለውንና የውሃ ሥሩን ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አይሆንም። ትንፋሽ ይዞ ማማጥ ግፊትን ባንዴ ያስወነጭፋል። የልብ ምት መዛባት፣ የደረት ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ትንፋሽ የሚያሳንሰውን ክፍል ጨርሶ ይተወው።

እንደ አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚይዙ በምት ቆጠራ ድካምን መለካት አይቻልም፤ ከ1 እስከ 10 በራስዎ ስሜት ይስጡት፣ ከ7 አይለፉ። ውሃ የሚያሸና የግፊት ኪኒን ከገንዳ ሲወጡ ሊያዞርዎ ይችላልና መሰላሉን ይዘው ቀስ ይበሉ። ይህ ዓይነት ኪኒን በአበረታች መድኃኒት ክልከላ ዝርዝር ውስጥም ስላለ፣ ምርመራ ባለበት ውድድር የሚሳተፍ ሰው አስቀድሞ የሕክምና ፈቃድ ያውጣ። በአፍ የሚነፋ ሳልቡታሞል በተለመደው መጠን የተፈቀደ ነው፤ ሐኪም ካዘዘልዎ ከመግባትዎ 15 ደቂቃ ያህል ቀደም ብለው ይውሰዱት። ጣራ ባለው ገንዳ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለ አየሩ አልተለወጠም ማለት ነው፤ ያን ቀን የትንፋሽ ልምምድ አይሥሩ።

አዲስ አበባ ነው የምዋኘው። ከፍታው ምን ይለውጣል?

ብዙ። ከተማዋ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኦክስጅኑ እዚህም 21 በመቶ ነው፤ ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ግን አንሷል። ለባሕር ጠለል የተጻፈ የልምምድ ፕሮግራም እዚህ ሲሠራ አይሄድም የሚባለው ለዚህ ነው። በየ100 ሜትሩ ዕረፍት ላይ 10 ሰከንድ ይጨምሩ፣ በየ5 የሚለውን በየ4 ያድርጉት፣ የውሃ ሥሩን በ2 ወይም በ3 ሜትር ያሳጥሩ።

ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጡ ከሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ምንም የትንፋሽ ገደብ ይዋኙ። በተቃራኒው ከዚህ ወርደው ባሕር ጠለል ላይ ሲወዳደሩ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2024 ዶሃ ላይ እንደተካሄደው የማስተርስ ዓለም ሻምፒዮና ባለ ቦታ፣ በ200 እና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ቀለል ይላል። ያ ቅለት ግን ፍጥነት ያስረሳል፤ የመጀመሪያውን 50 በለመዱት ሰዓት ይሂዱ።

በፆም ሰሞን ልለማመድ?

ቀላል ዋና አዎ። ትንፋሽ የሚያሳንሰውን ክፍል ግን በባዶ ሆድና በውሃ ጥም አይሥሩት፤ ከበሉና ከጠጡ ከ2 ሰዓት በኋላ ወዳለው ጊዜ ያዛውሩት።

በአፍ አየር የሚሳብበት የትንፋሽ ጡንቻ ማጠናከሪያ መሣሪያ ልግዛ?

አይጎዳም፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን ወለል ላይ ተኝተው በሆድ መተንፈስን ለአንድ ወር ይሞክሩ፦ ሆድ ላይ መጽሐፍ አስቀምጠው 3 ሰከንድ እየሳቡ 6 ሰከንድ እያወጡ፣ በቀን 5 ደቂቃ። ከገዙ የተለመደው አጠቃቀም ከከፍተኛው አቅም በግማሹ ተጭኖ በቀን 2 ጊዜ 30፣ 30 ትንፋሽ፣ ለ6 ሳምንት ነው። ዋና ራሱ የትንፋሽ ጡንቻን ስለሚያሠራ በሳምንት 4 ቀን የሚዋኝ ሰው ትልቅ ለውጥ አይጠብቅ።

እየዋኘሁ ሳለሁ ሳል ጀመረኝ፣ አረፋ ያለው አክታም ወጣ። ውሃ ጠጥቼ ነው?

ላይሆን ይችላል። ውሃ ትን ያለው ሰው በደቂቃ ውስጥ ይሻለዋል። ሳሉ እየባሰ ከሄደ፣ ደረት ውስጥ የሚንኮረኮር ድምፅ ካለ፣ አክታው አረፋማ ወይም ሮዝ ከሆነ፣ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እየገባ ሊሆን ይችላል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጠባብ የዋና ልብስና የደም ግፊት ባለባቸው ዋናተኞች ይበዛል፤ ብዙ ውሃ ጠጥቶ መግባትም ያባብሰዋል። ወዲያው ይውጡ፣ አይጋደሙ፤ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ እርጥቡን አውልቀው ይልበሱና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በማግስቱ ቢሻልዎት እንኳን ልብዎ ሳይመረመር ወደ ገንዳ አይመለሱ፤ ድጋሚ የመምጣት ባሕርይ አለው።

መሻሻሌን በምን ልለካ?

ትንፋሽ በያዙበት ሰከንድ አይለኩት። በየ4 ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ገንዳና ሰዓት፣ 4 ጊዜ 100 ሜትር በእኩል ፍጥነት በ30 ሰከንድ ዕረፍት ይዋኙ። የእያንዳንዱን ሰዓት፣ የ25 ሜትር የቀዘፋ ቁጥርና ከአራተኛው በኋላ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመናገር የፈጀብዎትን ሰከንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። ሰዓቱ ባለበት ቆሞ የመጨረሻው ቁጥር ከ50 ወደ 35 ከወረደ ልምምዱ ሠርቷል። ሰዓቱ ተሻሽሎ ይህ ቁጥር ከጨመረ ደግሞ ፍጥነቱ የመጣው ትንፋሽ በመያዝ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት ወደ «እምምም» ይመለሱ።